የደምለው ግራ እግር

ደሴ፣ ሆጤ
ጥቅምት 5 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምለው፤

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። የአንተን ጤና ከአንተ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ባለፈው ወር ሐኪሙ ‹የስኳር በሽታ ነው› ብሎ ሲያስረዳህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። አንተ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ታይ ነበር።

አሁን ደግሞ የነገረህን ሁሉ መልሰህ እኔን ትጠይቀኛለህ። ይሁን፤ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፣ አንድን ነገር አሥር ጊዜ መድገም ልማዴ ነው። አዎ፣ በየቀኑ ነው ያለህ። አዎ፣ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ ያውም ላብ እስኪወጣህ ድረስ። አይ፣ ፋብሪካው ግምጃ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞርክ ብሎንና ቺንጋ ማውጣትህ አይቆጠርም። ኪኒኑን ጠዋት ቁርስ ከበላህ በኋላ ትውጣለህ፤ በባዶ ሆድ እንዳይሆን ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆሃል። ‹ጠላው ቀጭን ከሆነስ?› ብለህ የጻፍከውን ግን ለሐኪሙ አላደርስልህም። እኔም ሰው ነኝ፣ አፍራለሁ።

የምሄድበት ጫማ የለኝም ላልከው፣ ሸራ ጫማ ገዝቼ በከሊድ ልኬልሃለሁ። ቁጥሩ አርባ ሁለት ነው። ከሊድ ሚኒባሱን ከደሴ ኮምቦልቻ ሲያመላልስ ደብዳቤያችንንም አብሮ ያመላልስልናል፣ እድሜ ይስጠው። ጫማውን እጅህ ላይ እንዲያስረክብ ነግሬዋለሁ፤ አልደረሰኝም እንዳትለኝ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሐኪሙ የግራ እግርህን ጣቶች በመርፌ ሲነካካ አንተ ‹ጀመሩ ወይ?› ብለህ ጠየቅከው። እኔ እዚያው ዓይኔን ጨፈንኩ። የአባባም እንደዚሁ ነው የጀመረው፤ መጀመሪያ መደንዘዝ፣ ከዚያ ቁስል፣ ከዚያ መቆረጥ። በየወሩ እዚያው ኮምቦልቻ ክሊኒክ ትለካለህ፤ ግንቦት 14 ቀን ግን እዚህ ደሴ ትቀርባለህ። እስከዚያ ስኳሩ ካልወረደ ‹ስለ እግሩ እንነጋገራለን› ብሎኛል፤ ለአንተ ሳይሆን ለእኔ፣ ወደ በሩ ጠርቶ። ሰባት ወር አለህ። ተነስና ሂድ።

እህትህ አልጣሽ


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም አልጣሽ፤

ከተለያየንበት ሰዓት ጀምሮ ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽስ? ተማሪዎችሽስ? የጎረቤትሽ የነፃነት ዶሮ አሁንም ጓሮሽን ይጭራል? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ጫማው ደርሶኛል፤ በጣም ያምራል። ከማማሩ የተነሳ ጭቃ ልረግጥበት አልጨከንኩም።

ስንት ቀን ሄድክ ብትይኝ፣ አንድ ቀን ተኩል። አንዱን ቀን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላዬን ለብሼ ከግቢ ወጣሁ፤ እንደተባልኩት ፈጠን ብዬ። አከራዬ እትዬ ሸዋዓለም ደጅ ስትጠርግ አየችኝ። የኔን የሚያህል ወፍራም ሰው በማለዳ ነጠላ ለብሶ ሲፈጥን ያየ ሰው ምን ያስባል? ለቅሶ ነዋ! መጥረጊያዋን ጥላ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተከተለችኝ። እሷን ያዩ ሌሎች እሷን ተከተሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሼ ዘወር ብል ሰባት ሴቶች ከኋላዬ አሉ፤ አንዷማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ማልቀስ ጀምራለች። ‹ማን ነው ያረፈው?› አሉኝ። ‹ማንም፤ ለጤናዬ ነው› አልኳቸው። እንዴት አድርገው እንዳዩኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግማሿ ቀን ደግሞ የማግስቱ ናት። አንዱ ጋሪ ነጂ ‹ጋሼ ደምለው በእግርዎ? ምን ቢቸግርዎ!› ብሎ በግድ አሳፈረኝ። እምቢ ብለው ይቀየመኝ ነበር።

ሌላው ነገር በዓላቱ ናቸው። በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። ቅዳሜና እሁድን ጨምሪበት። እንግዲህ ሰውነትን ማድከም ሥራ ከሆነ በዓል መሻር ነው። ሥራ ካልሆነ ደግሞ ሐኪሙ እንደ ሥራ ለምን ያዛል? ይህንን ሳወጣ ሳወርድ ወሩ አለቀ።

የሚካኤል ማኅበር በሚመጣው ወር ተራው የእኔ ነው። ጠላው ቀጭን ይሆናል፤ ለአንቺ ብዬ።

ታናሽ ወንድምሽ ደምለው


ደሴ፣ ሆጤ
ኅዳር 5 ቀን 1993 ዓ.ም.

ደምለው፤

ደብዳቤህን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ከመቶ የምሰጥህን ብነግርህ ቅር ይልሃል።

በሥላሴ ቀን ፋብሪካ ገብተህ ስትውል በዓል አይሻርም፣ ስትራመድ ነው የሚሻረው? በሚካኤል ቀን ማኅበርተኛ ቤት ሁለት ድፎ ዳቦ ስታወርድ ሰውነትህን አታደክመውም? ቅዱሳኑስ ምን በደሉህ፣ ለስንፍናህ ምስክር አድርገህ የምትጠራቸው? አንተ እኮ ሚስት ላለማግባት እንኳ ሃያ ዓመት ሰበብ ያላጣህ ሰው ነህ። መጀመሪያ ደመወዝህ አነሰ፣ ቀጥሎ አሰብ ሙቀቱ ለሴት አይሆንም፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ከአሰብ ተመለስክ፣ አሁን ደግሞ አርጅቻለሁ። በአርባ ስድስት ዓመትህ!

ጋሪውንም ሰምቻለሁ። አንተ አንድ ቀን ነው የነገርከኝ፣ ከሊድ ግን በየቀኑ ነው ያየህ። ከቤትህ እስከ ፋብሪካው በር ያለው መንገድ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል፤ እሱን ፈረስ ይጎትትሃል። ፈረሱ ከአንተ የተሻለ ጤና ቢኖረው አይገርመኝም።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ግን መከራው ሲመክር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ቤትህ አልመጣሁም። ማን ጋ እንደሄድኩ አትጠይቀኝ።

አልጣሽ


ኮምቦልቻ
ኅዳር 28 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም አልጣሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሰው ግን እንዳታወሪው።

ነፍስ አባታችን አባ ገብረ ማርያም ጠሩኝ። መስቀል ተሳልሜ ቀና ሳልል ‹ቀኖና ሰጥቼሃለሁ› አሉኝ። ከነቢያት ጾም መግቢያ ጀምሮ አርባ ቀን፣ በየማለዳው ዳገቷ ማርያም ድረስ በእግሬ ወጥቼ ደጇን ስሜ እመለሳለሁ። በዓልም ሰንበትም የለውም። ጋሪ ክልክል ነው፤ ጋሪ ብለው ነው የተናገሩት፣ ከየት እንዳወቁት እንጃ። የቀረው በእኔና በነፍስ አባቴ መካከል ያለ ነውና አትጠይቂኝ። ‹ምን አጥፍቼ ነው?› ብላቸው ‹አንተ ታውቀዋለህ› ብለው ዓይናቸውን አዞሩ።

እታለም፣ ፈራሁ። እርሳቸው ምን ታይቷቸው ነው? በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሰባት አቡነ ዘበሰማያት ሰጥተውኛል፣ ከዚያ በላይ አልተቀጣሁም። እየሄድኩ ነው። ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ ነው። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል። ሴቶቹም ለምደውኛል፤ ቀኖና መሆኑን ስነግራቸው ‹እሱስ ደግ ነው› አሉ። ለጤናዬ ነው ስላቸው እንደ እብድ ያዩኝ ሰዎች ኃጢአተኛ ነኝ ስላቸው አከበሩኝ።

ወንድምሽ ደምለው


ደሴ፣ ሆጤ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለደምለው፤

በዚህ ሳምንት አንድም ተማሪ አልተቆጣሁም። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በእርስ ሲተያዩ ነበር። የደብዳቤህን ቀበቶ ያለበትን መስመር ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

አባ ብልህ ሰው ናቸው። ያዘዙህን ሁሉ ፈጽም፤ እኔ ስለሌላው አልጠይቅህም። ብርዱ ስለበረታ ሹራብ ልኬልሃለሁ። ጽሕፈትህ ግን ምን ነካው? ፊደሎችህ ተንጋደዋል፣ መጨረሻው ላይማ ተንቀጥቅጠዋል። ከብርዱ ይሆናል፤ እጅህን አሙቀህ ጻፍ።

እወድሃለሁ ብዬ ጽፌልህ አላውቅም፤ ዛሬ ደስ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

እህትህ አልጣሽ


ደሴ፣ ሆጤ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ደምለው፣ የእናቴ ልጅ፤

ከሊድ ነገረኝ። ‹ወላሂ እትዬ፣ አሁን ደህና ነው፣ አትደንግጪ፤ አላህ አትርፎታል› እያለ ነው የጀመረው። እንዲህ ተብሎ የማይደነግጥ ማን አለ? ማክሰኞ ዳገቱ ላይ መውደቅህን፣ በላብ ተጠምቀህ መንቀጥቀጥህን፣ ሰዉ ‹ለክፎት ነው› ብሎ ጠበል ሊያመጣ ሲሮጥ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠዋ ፋጡማ መንጋጋህን ፈልቅቃ ስኳር የበዛበት ሻይ እንዳጠጣችህ ነገረኝ። የእናቷ በሽታ ስለሆነ ታውቀው ኖሯል። እጇን የምስምበትን ቀን ያምጣልኝ።

‹እንዳትመጣ› ብለህ ልከሃል። ስለዚህ ፊትህ ቆሜ ልናገረው የሚገባኝን እዚህ እጽፈዋለሁ። ቀኖናውን ያሰጠሁህ እኔ ነኝ። ያቺ ቅዳሜ አባ ገብረ ማርያም ጋ ሄጄ ‹እኔን አይሰማም፣ እርስዎን ግን ይፈራል፤ ማለዳ ማለዳ ዳገቷን እንዲወጣ እንደ ቀኖና አድርገው ይዘዙልኝ› ብዬ ለመንኳቸው። ስኳር እንዳለብህ ነገርኳቸው። ጠዋት ኪኒን እንደምትውጥ፣ ኪኒኑም ያለ ምግብ እንደማይሆን አልነገርኳቸውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምና አርባ አንድ ስግደት የጨመሩት እርሳቸው ናቸው። ትናንት ደሴ ድረስ ራሳቸው መጡ። ‹ልጄ፣ ያለ ጾም ቀኖና ሰጥቼ አላውቅም፤ ደግሞስ እህል ቀምሶ ደጅ የሚሳለም ማን ነው?› አሉና አለቀሱ። እውነታቸውን ነው፤ እርሳቸው የሚያውቁትን አደረጉ። እኔ ነኝ የማውቀውን ያልተናገርኩ።

ፊደሎችህ ሲንቀጠቀጡም አይቼ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ሹራብ ላክሁልህ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጽሕፈት ሳርም የኖርኩ አስተማሪ!

ይቅር በለኝ። እስከ ዛሬ ይህን ቃል ከአንተ ነበር የምጠብቀው።

አልጣሽ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 27 ቀን 1993 ዓ.ም.

እታለም፤

ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ኃጢአቴን እንኳ አንቺ ነሽ የምትመርጭልኝ? ሠላሳ ሦስት ቀን ያቺን ዳገት ስወጣ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ነበር። ጠዋት ኪኒኔን ውጬ፣ በባዶ ሆዴ፣ በየመታጠፊያው ቆሜ ሕይወቴን ስበረብር ከረምኩ። እሱ ሁሉ ለካ የአንቺ ዘዴ ኖሯል። መታመሜ አይደለም የከነከነኝ። እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መታለሌ ነው። እግሬ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ሰው አትላኪብኝ፣ አታስመክሪኝ፣ ጫማ አትግዢልኝ።

ግን ልንገርሽ፤ ፈልጌ ፈልጌ ኃጢአቴን አገኘሁት። ለአባ ነግሬአለሁ። አንቺም ስሚው፤ አንቺ ባትቆፍሪው አይወጣም ነበርና።

በ1985 አባባ እግሩ ሲቆረጥ ‹ፈቃድ ከለከሉኝ› ብዬ ከአሰብ ጽፌልሽ ነበር። አልከለከሉኝም። አልጠየቅኋቸውም። ማመልከቻውን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። አባባን በአንድ እግሩ ማየት ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ በኋላ ሰበብ መስጠት ቀለለኝ፤ ትልቁን ከሰጠሁ ትንሾቹ ምን ይከብዳሉ? አባባ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እግሩን ማን ወስዶ እንደቀበረው እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም። ማን ነበር?

ደምለው


ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ደምለው፤

እኔ ነኝ።

ሆስፒታሉ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ‹ወንድ ዘመድ ይምጣና ይውሰደው› ብለው ነበር፤ ወንዱ ዘመድ አሰብ ነበር። ሰው ምን እንደያዝኩ እንዳያውቅብኝ ነጠላዬን ደርቤበት እንደ ሕፃን ታቅፌው ወጣሁ። መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ‹ስንት ወሩ ነው?› አለችኝ። ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ አለፍኳት። ከበደኝ፣ ደምለው። እግር ለብቻው እንዲያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባ ገብረ ማርያም ጸሎት አደረሱበትና ቀበርነው። የቀረውን አባባን ከአራት ዓመት በኋላ ጎኑ አስተኛነው።

ፈቃድ እንዳልጠየቅክም አውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ከአሰብ የመጣ ጓደኛህ ሳያስበው ነገረኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይዤዋለሁ። ስጎተጉትህ የነበረው ለእግርህ ብቻ ይመስልህ ነበር፤ እኔም ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደክሞኛል። ማታለሉም መለመኑም መቆጣቱም ከዛሬ ጀምሮ ይብቃኝ። ከፈለግክ ሂድ፣ ካልፈለግክ ተኛ፤ እግሩ እንዳልከው የአንተ ነው። ሁለተኛ እግር ግን አልታቀፍም። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ፈልግ።

አልጣሽ


ኮምቦልቻ
መጋቢት 10 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም አልጣሽ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ዓቢይ ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔ አባ ፈትተውኝ ጠዋት ጠዋት እበላለሁ፤ ሹሮም ቢሆን። የዘገየሁብሽ ጊዜ አጥቼ ነው፤ ጠዋት አልገኝም፣ ማታ ደግሞ ቶሎ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የሚካኤልን ማኅበር ለማኅበርተኛዬ ለአባይ ለቅቄለታለሁ። እሱ ወጣት ነው፣ ሆዱም ይችላል።

ጫማ አትግዢልኝ ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን አጥፌ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያ ሸራ ጫማ ሶሉ አልቋል። ቁጥሩ አርባ ሁለት ነበር ወይስ አርባ አንድ? እዚህ ልኬን አጣሁ። ካገኘሽ በከሊድ ላኪልኝ።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ወንድምሽ ደምለው


ደሴ፣ ሆጤ
ሚያዝያ 16 ቀን 1993 ዓ.ም.

ደምለው፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። አልጎተጉትህም ብዬ ነበር። ሁለት ወር ቻልኩ። ከዚያ የጫማህ ነገር መጣና ቃሌን አስበላኝ።

ጭቃ ልረግጥበት አልጨከንኩም ያልከው ጫማ ሶሉ አለቀ? አልጋ ሥር ተቀምጦ ሶል ያልቃል? አይጥ በልቶልህ ከሆነ አይጥ በልቶታል በል። ሰበቡ ‹ጫማ የለኝም› ብሎ ጀመረ፣ ዞሮ ዞሮ ‹ጫማ የለኝም› ላይ ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሌላ ጫማ አልልክም፤ ጠዋት ቤት ከሌለህ ማን ጋ ቁርስ እንደምትበላ አላጣሁትም፣ ማታ ቶሎ የሚያስተኛህም ምን እንደሆነ።

ደግሞ ሰዉ ምን ሆኖ ነው? አባን ስለ አንተ ብጠይቃቸው ‹ከራሱ ስሚ› ብለው መስቀላቸውን ያጸዳሉ። ከሊድን ብጠይቀው ይስቃል። ‹ምን ያስቅሃል?› ብለው ‹እትዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ መንገድ ነው የማየው› ይለኛል። ሁሉም ከአንተ ወግኖ እኔ ብቻ ክፉ ሆኜ ቀረሁ።

ቀጠሮህ ግንቦት 14 ማክሰኞ ነው። በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ‹እመጣለሁ› የምትል አንዲት ቃል ጻፍና መልሳት። አንዲት ቃል።

አልጣሽ


ኮምቦልቻ፣ ከአንተ ደጃፍ
ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

አንተ ሰው፤

ለእትዬ ሸዋዓለም የምሰጣት ማስታወሻ ነው። አንዲት ቃል ጠየቅኩህ፤ ሃያ ስድስት ቀን ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ በከሊድ መኪና ወረድኩ። ከነገ ወዲያ ሐኪሙ ፊት እጅህን ይዤ ላቀርብህ ነው።

አጣሁህ። እትዬ ሸዋዓለም ‹ገና ሳይነጋ ወጣ› አለችኝ። ‹ወዴት?› ብላት ‹እሱን እንዳልናገር አስምሎኛል› ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ መማል አያስፈልገኝም፤ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሰንበትም ነው፣ ሚካኤልም ነው፤ ሁለቱ ሰበቦችህ የገጠሙበት ቀን። ማኅበሩን ለቅቄአለሁ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው አባይ ቤት ተቀምጠህ ድፎውን እየቆረስክ ይሆናል።

ስንወርድ ሐረጎ ዳገት ላይ ምን እንዳየሁ ልንገርህና እፈር። አንድ ያንተው እኩያ የሆነ ሰው፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ዱላ ይዞ በእግሩ ሽቅብ ይወጣል። ቀጭን ነው፤ ላቡ ጀርባውን አርሶታል፣ ግን አያቆምም። ከሊድ ጡሩምባ ነፋለትና እንደ ልማዱ ሳቀ። እኔ ግን ዘወር ብዬ እስኪሰወር አየሁት። ‹እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ሴት ምን አላት!› አልኩ። ያንን ሰው ባንተ ቢቀይሩልኝ ምርቃት እሰጥበት ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሃለሁ። ጠላህን ጠጥተህ ስትመጣ ታገኘኛለህ።

አልጣሽ


ደሴ፣ ሆጤ፣ ከአንቺ ደጃፍ
ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

እታለም፤

ነፃነት ‹እሷማ አንተ ጋ ነው የወረደችው› ብላ ስትነግረኝ ደረጃሽ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሊድ አሁን ተመልሶ ሊወርድ ነው፤ ይህችን ይዞልሽ ይመጣል። ሐረጎ ላይ ጡሩምባ ነፍቶልኝ ሲያልፍ ምን እንደሚያስቀው አልገባኝም ነበር። መስኮቱ አጠገብ አንቺ ነበርሽ አለኝ። ነጠላዬን ባልከናነብ ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?

አንዲቷን ቃል ያልጻፍኩልሽ በወረቀት ልሰጥሽ ስላልፈለግኩ ነው። ‹እመጣለሁ› ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌልሻለሁ?

ለአንቺ ብዬ ሞከርኩ፤ አንድ ቀን ተኩል ሄድኩ። አባን ፈርቼ ሞከርኩ፤ ወደቅኩ። የተነሳሁት ያቺ ሴት ‹ስንት ወሩ ነው?› ያለችሽን ባነበብኩ በማግስቱ ነው። ቁርሴን በላሁ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ፋጡማ ‹ይህን ሳትይዝ አትውጣ› ብላ የሰጠችኝን ሦስት ከረሜላ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። ሰው ‹ወዴት ነው?› ሲለኝ የምመልሰው ነገር ነበር ሁልጊዜ የሚቸግረኝ፤ ታስታውሻለሽ። የዚያን ቀን ‹እህቴ ጋ› አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀብኝም፣ ጋሪም አላስገደደኝም። በየማለዳው ወደ ደሴ እነሳለሁ፣ የቻልኩትን ያህል እሄዳለሁ፣ ሲደክመኝ እመለሳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። መጀመሪያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነበር፤ ዓቢይ ጾም ሲገባ ከተማውን ጨረስኩ፤ ለፋሲካ የሐረጎ ግርጌ ደረስኩ። ሁለት ጫማ አልቆብኛል። የመጀመሪያውን አይጥ አልበላውም።

ሰንበትም ሚካኤልም መሆኑን ለአባ ነግሬ ጠይቄአቸዋለሁ። ‹እህት መጠየቅ መቼ ነው በዓል የሻረው? ስትሄድ ብቻ ቁርስህን ብላ› አሉኝ።

ክሊኒኩ ስኳሬ ወርዷል ብሏል። የማክሰኞው ሐኪም ምን እንደሚል አላውቅም፤ አብረን እንሰማለን፤ የዚያን ጊዜ ግድግዳ አላይም።

የአባባን እግር አንቺ ብቻሽን ታቅፈሽ ሄድሽ። እኔ መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም፤ ይቅር በይኝ። ይቺኛዋን ማንም አልታቀፋትም እታለም። ሐረጎን ወጥታ ደጅሽ ድረስ ራሷ መጥታለች።

ቶሎ ነይ፤ ከከሊድ ጋር ተመለሺ። ጫማዬን አውልቄ ደረጃሽ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ቁስል እንዳይኖር አገላብጬ አየሁት፣ የለም። ግን የግራዋ ትንሿ ጣቴ ታቃጥለኛለች። ከመስከረም ወዲህ ምንም ተሰምቷት አያውቅም ነበር።

ወንድምሽ ደምለው